ከማህፀን ውጪ የሚጀመር ፅንስ (አይ ቪ ኤፍ)፦ ሕክምናው እንዴት ይሠራል? ሸሪዓውስ የት ድረስ ይፈቅዳል?

 

በዛሬው ዝግጅታችን የምንመለከተው ርዕስ በየቤቱ ያለ፣ ነገር ግን በሹክሹክታ ካልሆነ የማይነሳ ጉዳይ ነው። መነሻ የሆነን አንዲት እህታችን ያቀረበችልን ጥያቄ ነው። እህታችንና ባለቤቷ መኖሪያቸው አራዳ፣ ፒያሳ ከሚገኘው ኑር (በኒ) መስጂድ ብዙም ሳይርቅ ነው። ኒካሕ ካሰሩ ሰባት ዓመት አልፏቸዋል፤ ልጅ አልወለዱም። በነዚህ ዓመታት እሷ ሦስት ክሊኒክ ተመላልሳለች፤ ሩቅያ አስደርጋለች፤ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ ወስዳለች። ባለቤቷ ግን አንድ ቀንም አልተመረመረም። አማቷ «ልጄ ሌላም ቢያገባ ምን አለበት?» ማለት ጀምረዋል። በቅርቡ አንዲት ዘመዷ «ፅንሱን ውጪ ጀምረው ወደ ማህፀን የሚያስገቡበት ሕክምና መጥቷል» ብላ ነገረቻት። ለወጪው የመህር ወርቋን ፒያሳ ወርቅ ቤት ወስዳ ልትሸጥ አስባለች። የጠየቀችን ሁለት ነገር ነው፦ «ይህ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው? ሐራምስ አይደለም ወይ?»

ለሁለቱም መልስ አለን። ነገር ግን ከሁለቱ በፊት መቅደም ያለበት አንድ ሦስተኛ ጉዳይ ስላለ ከእሱ እንጀምራለን፤ ወርቁ ከመሸጡ በፊት ባልየው ይመርመር።

ነቀፋው ከየት መጣ?

መካንነት የሚባለው ባልና ሚስት ምንም ዓይነት የወሊድ መከላከያ ሳይጠቀሙ፣ አዘውትረው እየተገናኙ አንድ ዓመት ሙሉ እርግዝና ሳይፈጠር ሲቀር ነው። የሚስት ዕድሜ ከ35 ካለፈ ግን አንድ ዓመት መጠበቅ አይገባም፤ በስድስት ወር ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከስድስት ሰዎች አንዱ ያህል በዕድሜው በሆነ ወቅት ይህ ችግር ይገጥመዋል። እንግዲህ ለጁሙዓ በአንድ ሶፍ ትከሻ ለትከሻ የቆሙትን ሰዎች ብናስብ ጉዳዩ የሩቅ ሰው ጉዳይ እንዳልሆነ እንረዳለን።

በሱረቱ አሽ-ሹራ 49ኛና 50ኛ አንቀጾች አሏህ ለሻው ሴቶችን፣ ለሻው ወንዶችን፣ ለሻው ሁለቱንም እንደሚሰጥ፣ የሻውንም መካን እንደሚያደርግ ተገልጿል። ይህ የፍጥረቱ አሠራር እንጂ የቁጣ ምልክት አይደለም። ነቢዩሏህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) ፀጉራቸው እስኪሸብት ልጅ ሳያገኙ ቆይተዋል። የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጭራሹኑ አልወለዱም፤ ዛሬ የምንሠራበት ስንትና ስንት የዲን እውቀት ግን በእርሳቸው በኩል ነው የደረሰን። ያልወለደችን ሴት «ደረቅ» እያሉ የሚያሸማቅቁ ሰዎች ይህን እያወቁ እንዴት እንደሚያደርጉት ለኛ ግልጽ አይደለም።

በአገራችን ለሴቶች መካንነት ዋነኛ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ የማህፀን ቱቦዎች መዘጋት ነው። ቱቦው የሚዘጋው ሳይታከም በቆየ የአባላዘር ኢንፌክሽን፣ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ በተፈጠረ መመረዝ፣ አንዳንዴም የማህፀን አካባቢን በሚያጠቃ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ አማካይነት ነው። ሌሎች ሴቶች ደግሞ የወር አበባቸው በሁለትና በሦስት ወር የሚመጣ፣ እንቁላላቸው በየወሩ የማይለቀቅ ናቸው። ለነዚህ ብዙ ጊዜ አይ ቪ ኤፍ አያስፈልጋቸውም፤ እንቁላሉ እንዲለቀቅ የሚያደርግ የሚዋጥ መድኃኒት ይበቃቸዋል።

ባልስ?

ልጅ ካላገኙ ጥንዶች መካከል ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ የወንዱም ድርሻ ይገኝበታል። ብቻውን ወይም ከሚስቱ ችግር ጋር ተደምሮ ማለት ነው። አንድ ወንድ ጤነኛና ጠንካራ መሆኑ፣ በግንኙነት ጊዜም ችግር የሌለበት መሆኑ ዘሩ ስለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም። ፈሳሹ መኖሩ ብቻውን በውስጡ ሕያው የዘር ሕዋስ ለመኖሩ ምስክር አይደለምና።

ምርመራው ቀላል ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ ናሙና ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2021 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛ መነሻ ተብሎ የተቀመጠው በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን የዘር ሕዋስ ሲሆን፣ ከነዚህም ቢያንስ 42 ከመቶው የሚንቀሳቀሱ ሊሆኑ ይገባል። ከዚህ በታች መሆን ማለት ፈጽሞ አይወልድም ማለት አይደለም። ውጤቱ ዝቅ ካለም በአንዱ ብቻ አይፈረድም፤ ምርመራው መደገም አለበት።

ብዙ ወንድሞቻችንን የሚያስጨንቃቸው ናሙናው የሚሰጥበት መንገድ ነው። በገዛ እጅ ማውጣት በዑለማዎች ዘንድ የተጠላ ወይም የተከለከለ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በሚስት እገዛ መሆኑ በባልና ሚስት መካከል የተፈቀደ ነው። ዘሩን የማይገድል፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ኮንዶምም አለ (ከሱቅ የሚገዛው አያገለግልም)። ቤት የተወሰደ ናሙና ሙቀቱ እንደተጠበቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት። እነዚህ ሁሉ ካልተቻሉ ለሕክምና አስፈላጊነት ሲባል ራስ ማውጣትን የፈቀዱ የዘመናችን ዑለማዎች አሉ። ስለሆነም እፍረት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ራሱ ሳይመረመር «ልጅ ስላላገኘሁ» ብሎ ሁለተኛ የሚያገባ ሰው ችግሩ የእሱ ሆኖ ሲገኝ ሁለት ሴቶችን ነው የሚያስለቅሰው። ይህ የሚሰማ ታሪክ ብቻ ሳይሆን ሐኪሞች በተደጋጋሚ የሚያዩት ነው።

ሕክምናው እንዴት ይሠራል?

በተፈጥሮ መንገድ በየወሩ ከሴቷ እንቁልጢ አንድ እንቁላል ይለቀቅና ወደ ማህፀን ቱቦ ይገባል። የወንዱ ዘር በማህፀን አልፎ እዚያው ቱቦ ውስጥ ያገኘዋል። የተገናኙት ሁለቱ አንድ ሕዋስ ይሆናሉ፤ ሕዋሱ እየተከፋፈለ በአምስትና በስድስት ቀን ወደ ማህፀን ደርሶ ይጣበቃል። ቱቦው ከተዘጋ ወይም የወንዱ ዘር እዚያ ድረስ ለመጓዝ አቅም ካነሰው ሁለቱ ሳይገናኙ ይቀራሉ። አይ ቪ ኤፍ የሚያደርገው ይህንኑ ግንኙነት ከአካል ውጪ በላብራቶሪ ማካሄድ ነው። ሐኪሙ ነፍስ አይፈጥርም፤ አሏህ የፈጠራቸውን ሁለቱን ያገናኛል እንጂ። በዚህ መንገድ የተወለደችው የመጀመሪያዋ ሰው ሉዊዝ ብራውን ስትሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ ሐምሌ 1978፣ ቦታውም በእንግሊዝ አገር ኦልድሃም ከተማ ነበር። እናቷ ቱቦዋ የተዘጋ ሴት ነበረች።

ሕክምናው በመርፌ ይጀምራል። ከ8 እስከ 14 ለሚሆኑ ቀናት ሴቷ በየቀኑ የሆርሞን መርፌ ትወስዳለች። መርፌው ቀጭንና ከቆዳ ሥር የሚወጋ ስለሆነ ብዙ ሴቶች ለራሳቸው መውጋትን ይለምዳሉ። ዓላማው በወር አንድ ብቻ ይበስል የነበረው እንቁላል በርከት ብሎ እንዲበስል ነው። «እንቁላሌ ያልቅብኛል» ብለው የሚፈሩ አሉ፤ ይህ ስህተት ነው። በየወሩ በተፈጥሮ ብዙ እንቁላሎች ማደግ ይጀምሩና አንዱ ብቻ በስሎ ሌሎቹ ይጠፋሉ፤ መድኃኒቱ የሚያተርፈው የሚጠፉትን ነው።

በነዚህ ቀናት በአልትራሳውንድና በደም ምርመራ የእንቁላሎቹ እድገት ይታያል። ሲደርሱ አንድ የመጨረሻ መርፌ ይሰጣል። ይህ መርፌ ሰዓቱ ሊዛነፍ አይገባም። «ከሌሊቱ 5 ሰዓት» ከተባለ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው! ምክንያቱም እንቁላሎቹ ከ34 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ራሳቸው ከመለቀቃቸው በፊት መወሰድ አለባቸው። በዚህ አንድ መርፌ መዘግየት ሙሉ ዙር ሊበላሽ ይችላል።

እንቁላሉ ሲወሰድ ሆድ አይቀደድም። ሴቷ ለአጭር ጊዜ በማደንዘዣ ትተኛለች፤ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ በብልት በኩል ቀጭን መርፌ አስገብቶ እንቁላሎቹ ያሉበትን ፈሳሽ ይስባል። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ቢወስድ ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ባልየውም በዚያው ቀን ናሙናውን ይሰጣል።

ቀጥሎ ያለው የላብራቶሪ ሥራ ነው። በተለመደው አሠራር አንዱን እንቁላል ብዙ ሺህ የዘር ሕዋሳት በሚገኙበት ፈሳሽ ውስጥ አስቀምጠው ይተዉታል፤ የሚገባው ራሱ ይገባል። የባልየው ዘር በጣም ካነሰ ወይም ደካማ ከሆነ ግን አንዱን ሕዋስ መርጠው ከፀጉር በቀጠነ መርፌ በቀጥታ እንቁላሉ ውስጥ ያስገባሉ። ይህ ዘዴ ኢክሲ ይባላል። በዚህ የተወለዱ የመጀመሪያዎቹ ልጆች እ.ኤ.አ በ1992 ቤልጂየም ውስጥ የታዩ ሲሆን፣ «ዘር የለህም» ተብለው ለነበሩ ብዙ ወንዶች በር የከፈተው እሱ ነው። በፈሳሹ ውስጥ ምንም ሕዋስ ባይገኝ እንኳ በአንዳንድ ወንዶች ላይ በቀላል ቀዶ ሕክምና ከቆለጡ ማውጣት ይቻላልና።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ሂሳብ አለ። ለምሳሌ 10 እንቁላል ቢወሰድ የበሰሉት 8 ቢሆኑ ነው። ከ8ቱ 5 ወይም 6 ያህሉ ከዘር ጋር ይዋሃዳሉ። እስከ አምስተኛው ቀን የሚዘልቁት ደግሞ 2 ወይም 3 ናቸው። «አሥር ብለውኝ ሁለት ቀረ» ብላ የምታለቅስ እህት የተሰረቀች ወይም የተበደለች አይደለችም፤ የተፈጥሮው መንገድም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ በሆድ ውስጥ የሚጠፋውን ማንም አይቆጥረውም።

ሽሉ በ37 ዲግሪ ሙቀት ከቆየ በኋላ በ3ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ለስላሳ በሆነ ቀጭን ቱቦ ወደ ማህፀን ይገባል። ይህ ማደንዘዣ አያስፈልገውም። ጥሩ ማዕከል አንድ ሽል፣ ቢበዛ ሁለት ያስገባል። «አንዴ ከፈልኩ፣ ሦስትም አራትም አስገቡልኝ» የሚሉ አሉ። መንታና ሦስትዮሽ እርግዝና ለጆሮ ደስ ቢልም ያለ ጊዜው መወለድን፣ ደም ግፊትንና የሕፃናት ሞትን የሚያስከትል አደጋ ነው። ከዚያ በኋላ ማህፀንን የሚያዘጋጅ ፕሮጀስትሮን የተባለ ሆርሞን እየወሰደች ከ9 እስከ 14 ቀን ትጠብቅና በደም ምርመራ ውጤቱ ይታወቃል። በነዚህ ቀናት ቀን ከሌሊት አልጋ ላይ መተኛት ጥቅም የለውም፤ ከባድ ሸክምን ትቶ የተለመደ ኑሮን መኖር ነው።

ከመርፌው በኋላ ሆድ በፍጥነት ከተነፋ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሽንት ካነሰ ወይም ትውከት ካልቆመ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። እንቁልጢው ለመድኃኒቱ ከልክ በላይ ምላሽ ሲሰጥ የሚፈጠር ችግር ነው፤ በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል።

ዕድሉ ምን ያህል ነው?

ሐኪምም ሆነ ደላላ «እርግጠኛ ነው» ካላችሁ ጥላችሁ ውጡ። ከ35 ዓመት በታች ለሆነች ሴት በጥሩ ማዕከል እንኳ ወደ ማህፀን ከሚገቡት ሽሎች ለወሊድ የሚበቃው ከሦስት አንዱ ያህል ነው። ከ40 ዓመት በኋላ ከአሥር አንድ አካባቢ ይወርዳል፤ ከ43 በላይ ሲሆን ከመቶ አምስትም ላይሞላ ይችላል። ምክንያቱ ማህፀን ማርጀቱ ሳይሆን እንቁላሉ ማርጀቱ ነው፤ ሴት ልጅ የዕድሜ ልክ እንቁላሏን ይዛ ነው የምትወለደው። ባልየው «ዛሬ ነገ» እያለ ያሳለፋቸው ሰባት ዓመታት የሚቆጠሩት ከእሱ ሳይሆን ከሚስቱ ሂሳብ ላይ ነው። የምንቆጨውም በዚህ ነው።

የሸሪዓው ብይን

ጉዳዩ ለዑለማዎች አዲስ አይደለም። ሉዊዝ ብራውን በተወለደች በሁለት ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ ማርች 23 ቀን 1980፣ በወቅቱ የግብፅ ሙፍቲ የነበሩትና ኋላም የአል-አዝሀር ሸኽ የሆኑት ሸኽ ጃደል ሐቅ ዐሊ ጃደል ሐቅ ፈትዋ ሰጥተውበታል። የእስልምና ጉባኤ ድርጅት የፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ በጥቅምት 1986 ዐማን ላይ ባደረገው ሦስተኛ ስብሰባው ሰባት ዓይነት አሠራሮችን መርምሮ አምስቱን ሐራም ብሎ ሁለቱን ፈቅዷል። የተፈቀዱት የባል ዘር ከሚስቱ እንቁላል ጋር ከአካል ውጪ ተገናኝቶ በዚያችው ሚስት ማህፀን ውስጥ ሲቀመጥ፣ እንዲሁም የባል ዘር በሕክምና መሣሪያ በቀጥታ ወደ ሚስቱ ማህፀን ሲገባ ነው። ለሁለቱም አስፈላጊነትና ጥንቃቄ ቅድመ ሁኔታ ሆነው ተቀምጠዋል።

አምስቱ የተከለከሉበት ምክንያት አንድ ነው፤ ሦስተኛ ሰው ስለሚገባባቸው። የሌላ ወንድ ዘር፣ የሌላ ሴት እንቁላል፣ የሌላ ሴት ማህፀን። ነሰብ ይደባለቃል፤ ልጁ የማን ወራሽ፣ ለማን መሕረም እንደሆነ ይጠፋል። እዚህ ላይ የዑለማዎቻችንን ጥንቃቄ የሚያሳይ አንድ ነገር እንጥቀስ። የዓለም ሙስሊሞች ሊግ የፊቅህ ምክር ቤት መካ ላይ እ.ኤ.አ በ1984 ባደረገው ስብሰባ የአንድ ሰው ሁለተኛ ሚስት ለጣውንቷ ብታረግዝላት እንደሚቻል ገልጾ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን ጉዳዩን ዳግም ሲያየው ሁለተኛዋ ሚስት ራሷም ከባሏ ልታረግዝ እንደምትችልና የልጁ እናት ማን እንደሆነች መለየት እንደሚያስቸግር ተገንዝቦ ውሳኔውን አንስቷል። ስለሆነም «ጣውንትሽ ትሸከምልሽ» የሚል ሰው ካጋጠመ የተነሳ ውሳኔ እየጠቀሰ መሆኑን ይወቅ።

ሁለተኛው መጠንቀቂያ ጊዜ ነው። ሕክምናው የሚፈቀደው ኒካሑ ጸንቶ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ሽል በፈሳሽ ናይትሮጅን በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ባል ከሞተ ወይም ፍቺው ከጸና በኋላ ግን ሚስት ያን ሽል ልትጠቀምበት አይፈቀድላትም፤ ትዳሩ አብቅቷልና። የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ በ1990 ጅዳ ላይ ባደረገው ስብሰባ ከሚያስፈልገው በላይ እንቁላል እንዳይዋሃድ መክሯል፤ የተረፈ ቢኖር ለሌላ ሴት ፈጽሞ እንዳይሰጥም ወስኗል። ከሐኪሙ ጋር «ስንቱን እናዋህድ?» ብሎ አስቀድሞ መነጋገር ይቻላል፤ ብዙ ማዕከሎችም ይስማማሉ።

ሦስተኛው ዐውራ ነው። ለዚህ ሕክምና መገለጥ የሚፈቀደው በሚያስፈልገው መጠን ነው። ሴት ሐኪም ከተገኘች እሷ ትቀድማለች። ካልተገኘች ወንድ ሐኪም ማከም ይችላል፤ ባል ወይም ሌላ ሴት አብሮ በመገኘት ግን ብቻ ለብቻ መሆን መወገድ አለበት። ይህን መጠየቅ መብት ነው፤ የሚቆጣ ባለሙያ የለም።

ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ጥንዶች ደግሞ በተለይ ይጠንቀቁ። በአንዳንድ አገሮች የለጋሽ እንቁላልና የለጋሽ ዘር መጠቀም የተለመደ ነው። ዕድሜዋ ገፋ ላለ ሴት «ዕድልሽን ለማስፋት» ተብሎ በሚሰጥ የእንግሊዝኛ ቅጽ ውስጥ ይህ ፈቃድ ተካቶ ሊገኝ ይችላል። ሳታነቡና ሳታስተረጉሙ አትፈርሙ። የማን ዘር፣ የማን እንቁላል፣ የማን ማህፀን? ሦስቱንም ጠይቃችሁ በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ። ናሙናዎች እንዳይቀያየሩ ስም የሚለጠፍበትና በሁለተኛ ባለሙያ የሚመሰከርበት አሠራር መኖሩንም ጠይቁ። ወሏሁ አዕለም።

አዲስ አበባ ውስጥ የት ይገኛል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሕክምናውን የሚሹ ወገኖቻችን ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድና ወደ አረብ አገሮች ለመሄድ ይገደዱ ነበር። በ2011 ዓ.ም ግን የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ የመጀመሪያ የሆነውን የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ሐኪሞቹም ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሠለጠኑ ናቸው። ሆስፒታሉ የሚገኘው ጉለሌ ነው፤ ለአራዳ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። ከግል ማዕከላት ጋር ሲነጻጸር ክፍያው ይቀንሳል፤ ተራው ግን ይረዝማል። ስለዚህ ዕድሜ ሳይገፋ ቀድሞ መመዝገብ ይበጃል። የግል ማዕከላትም በከተማችን ተከፍተዋል። ወደነሱ የሚሄድ ሰው የመድኃኒቱ ዋጋ በተነገረው ክፍያ ውስጥ ስለመካተቱ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ መርፌዎቹ ብቻቸውን ከባድ ወጪ ናቸውና።

ምግብና ልማድ

የዓምዳችን ጉዳይ ስለሆነ ጥቂት እንበል። የወንድ ዘር ከመነሻው እስከ መብሰል ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ዛሬ የተተወ መጥፎ ልማድ ፍሬው የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ሲጋራና ሺሻ ዘርን ይጎዳሉ። ጫት አዘውትረው በሚቅሙ ወንዶች ላይ የዘር ብዛትና እንቅስቃሴ መቀነሱን ያመለከቱ ጥናቶች አሉ። (አንዳንድ አንባቢያን «ደግሞ ጫታችን ላይ መጣችሁ» እንደምትሉን እናውቃለን፤ ለሦስት ወር ብቻ ሞክሩት።) ጡንቻ ለማውጣት ጂም ቤት የሚወጋ ቴስቶስትሮን ደግሞ ወንድነትን የሚጨምር ቢመስልም የዘር ምርትን ጭራሽ ሊያቆም ይችላል። ዳቦ ቤትና ምድጃ አጠገብ የሚውሉም ከሙቀቱ አልፎ አልፎ ዞር ይበሉ።

ለእህቶች ዋናው ፎሊክ አሲድ ነው። በቀን 400 ማይክሮግራም፣ እርግዝናው ከመጀመሩ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ እስከ ሦስተኛው ወር ይወሰዳል። የሕፃኑ አከርካሪና ጭንቅላት የሚዘጋው እናትየው ማርገዟን እንኳ በውል ሳታውቅ በፊት ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመንና ጥቅል ጎመን ይህንኑ ንጥረ ነገር ይዘዋል፤ እንክብሉን ግን አይተኩም። ክብደት ከልክ ሲያልፍም ሆነ ከልክ ሲያንስ የእንቁላል መለቀቅን ያዛባል። ጥቁር አዝሙድና ማርን በልኩ መውሰድ ነውር የለውም፤ የተዘጋ ቱቦ ግን አይከፍቱም። መርፌ በምትወስዱበት ወቅት ደግሞ የምትጠቀሙትን ማንኛውንም የባህል መድኃኒት ለሐኪሙ ንገሩ።

ረመዷን ሲገጥምስ? ይህ ሕክምና አጣዳፊ ስላልሆነ ዙሩን ከረመዷን ውጪ ማድረግ ከሁሉም ይቀላል። መሃል ላይ የገጠማት እህት ግን ምግብነት የሌለው የቆዳ መርፌ ጾምን እንደማያበላሽ የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ በ1997 ወስኗል። በብልት በኩል የሚገባ መድኃኒትና ምርመራን በተመለከተም አካዳሚው አያበላሽም ብሏል፤ በሻፊዒይ መዝሀብ የታወቀው አቋም ግን ያበላሻል የሚል ነው። የሠፈራችሁን ሸኽ ጠይቁ። የማደንዘዣው ቀን ላይ ማፍጠርና ቀዷ ማውጣት ይቻላል።

ወደ ጠያቂ እህታችን እንመለስ። መህርሽ የራስሽ ንብረት ነው። ባልሽም ሆነ አማትሽ ሽጪው ሊሉሽ መብት የላቸውም፤ በራስሽ ፈቃድ ብታወጪው ግን ለባልሽ የተፈቀደ ነው። ለአሁኑ ወርቁን ከሳጥኑ አታውጪው። በመጀመሪያ ባለቤትሽ የዘር ምርመራ ያድርግ፤ አንቺም የማህፀን ቱቦ ራጅ ካልተነሳሽ ተነሺ። እስካሁን በሦስቱ ክሊኒኮች የተሰጡሽን የምርመራ ወረቀቶች በሙሉ፣ የአልትራሳውንዱንም ጨምሮ፣ በአንድ ፋይል አድርጊና የሁለታችሁን ውጤት ይዛችሁ አብራችሁ ቅረቡ። አሏህ ያግራላችሁ።